«እንደገና» የምትል ቁልፍ

መስኮት በሌለው ቤት፣ ከማኮብኮቢያው ዳር፣
ሰማይ ሠሪ ነኝ እኔ፣ በቀይ አፈሯ ቢዳር።
ጭጋጉን በቁጥር፣ ነፋሱን በጣቴ
አዛለሁ ቁጭ ብዬ፣ ሻይ ሳይርቅ ከፊቴ።
ለወጣት አብራሪ እሳት እልካለሁ፣
ዘይቱን አፈሳለሁ፣
ሲሞትም አያለሁ።
አንዲት ቁልፍ አለችኝ፣ ጽሕፈቷ የጠፋ፣
«እንደገና» የምትል፤ በጣቴ ስትገፋ
የወደቀው ይቆማል፣ የሞተው ይነሣል፣
ነዳጁ ይሞላል፣
መሬቱ ይረሳል።

በኔ ሰማይ ሥር ግን፣ እውነቱን ልናገር፣
ሦስት ዓይነት ቤት ብቻ፣ ጠፍጣፋ አረንጓዴ አገር፤
ማሽላው አይነቃነቅ፣ ከብቱ አይሻገር።
መሬቱን የሣለው ሩቅ ያለ ድርጅት
ሰው ለሚባል ነገር አልያዘም በጀት።

ቦፓያ ይባላል፤ ከኮዳጉ ተራራ፣
አባቱ የባስ ሾፌር፣ ገደል የማይፈራ፣
«ፍሬን ቢበጠስም መሪ አይለቀቅም፤
ሾፌር ብቻውን ዘሎ ከገደል አይርቅም»
እያለ ያሳደገው።
እኔም ወፍ ላኩበት፣ በሦስት መቶ ጫማ፣
ገና ሲነሣ፣ ጎማው ሳይሰበሰብማ።
ሞተሩ አጓራ፣ አሳለ፣ ጸጥ አለ።
«ከጭንህ መሀል ያለውን፣ ቢጫና ጥቁሩን፣
ሳበው! ውጣ! ተወው!» አለው ሎቦ መምህሩ።
አልሳበም። ዞረ።
ሜዳው ሊደርስለት ክንፉን አጋደለ።
መሬት።
እንደገና።
መሬት።
እንደገና።
አሥራ አንዴ ቀበርኩት፣ እስከ ምሳ ብቻ።
ሎቦ ብዕሩን ጣለ፦
«ብረት ለሰው ዘመድ? ብረት ለሰው አቻ?»

የምስለ በረራው ወንበር እንደሆን አይተኩስም፤
እጀታው ቢሳብም አከርካሪ አይሰብርም።
ሎቦ ግን ያውቀዋል፤
በሁለት ጣት አጥሯል፣ አንድ ቀን ከዘለለ ወዲህ።

በጥቅምት አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ጭላት ያንዣብባል፣ ከከተማው ቄራ።
ቦፓያ ብቻውን ሲበር ሦስተኛ ቀኑ ነው።
የኛ ጄት በስሟ ጭልፊት ትባላለች፤
ጭልፊት ጭላት ዋጠች፣
ታነቀች፣ አሳለች።
ያንን እኔ አልላኩም።
በሬዲዮ ድምፁ፣ ቀጭን፣ የማይቸኩል፦
«ሞተር ጠፋ።»
ከዚያ ዝም።
ሰባት ሴኮንድ ይሆናል፤ ቆጠርኩት በጥርሴ።
ቁልፏን እጫን ነበር፣ ሳላውቀው ራሴ፣
እንደገና፣ እንደገና፣ እንደገና፤
ሰማዩ አልታዘዘኝም፣ የኔ አልነበረምና።

ጃንጥላ ፈካ፣ ነጭ፣ ከማሽላው በላይ፣
ሰው ተንጠልጥሎበት፣ እግሩ ሲወዛወዝ ከሰማይ።
ከአንዲት ሴት ማሳ ወደቀ፤
ማነህ አላለችም፤ ማጭዷን ጣል አርጋ፣
ከጀሪካኗ ውሃ ሰጠችው፣ ትንፋሹ እስኪረጋጋ።

በወሩ መጣ፣ አንገቱ በድጋፍ ታስሮ፣
እሱም እንደ ሎቦ በትንሹ አጥሮ።
«አካ» አለኝ፤ ታላቅ እህቴ ማለቱ ነው፤
«ያችን ጠዋት መልሽልኝ፤
ያንኑ ነፋስ፣ ያንኑ ጭላት፣ ያንኑ ከፍታ።
ብዞር ትደርስ ነበር?
አባቴ ስልክ ሲደውል ስለ ጤናዬ ብቻ ይጠይቃል፣
ከዚያ ዝም ይላል፤
የዝምታውን መልስ ልወቀው።»

ምን ልበለው?
በዚያው ሳምንት፣ ዘበኛው ሲያንቀላፋ ሌሊት፣
በርሬያት ነበር እኔ፣ መሬት ለቅቄ የማላውቅ።
ሦስት ጊዜ ዞርኩ።
ሁለቴ ተከሰከስኩ።
በሦስተኛው
ጎማው የአስፋልቱን ጠርዝ ነክቶ፣ ተንገጫግጮ፣ ቆመ።

«ማሽኑ ታሟል ዛሬ፣ ቴክኒሻን ጠርተናል» አልኩት።
ቴክኒሻኗ እኔ ነኝ።
ያውቃል።
ሻዬን አየ፣ ቁልፏን አየ፣ በሩን በቀስታ ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ በሠራሁት ምድር፣ ከማኮብኮቢያው በስተደቡብ፣
አንዲት ሴት ቆማለች፤
በአሥራ ሁለት ነጥብ የሣልኳት፣ ማጭድ የያዘች።
በዚያ ፍጥነት የሚያልፍ ማንም አያያትም፤
ሎቦም አላያትም።
«እንደገና» ስል ግን፣ ሁሉ ጨልሞ ሲበራ፣
ከሰማዩ በፊት፣ ከቤቶቹ በፊት፣
እሷ ናት የምትመለሰው፣
ከነጀሪካኗ።